የማንነት መዝገብና የቤተሰብ ዕጣ

ፖለቲካ፣ ቤተሰብ፣ ስደትና ማንነት በዘመናችን የኅብረተሰብን አኗኗር ከሚቀርጹት ጉዳዮች ዋነኞቹ ናቸው። ብዙውን ጊዜ አራቱም በየፊናቸው እንደሚሄዱ ሆነው ይነገራሉ። ፖለቲካ የመንግሥታት፣ ቤተሰብ የየሰዉ ጓዳ፣ ስደት የሄደው ሰው፣ ማንነት ደግሞ የልብ ጉዳይ ተደርገው ይወሰዳሉ። ተጨባጩ ሁኔታ ግን ይህን አያሳይም። መንግሥታት የሚያሰምሩት ድንበርና የሚያወጡት ሕግ ባልና ሚስትን ይለያያል፤ የተለያየው ቤተሰብ ይሰደዳል፤ የተሰደደውም በደረሰበት ሁሉ «ማን ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ የሚፈለገው ደግሞ ከአንደበቱ ሳይሆን ከያዘው ወረቀት ነው። ለመሆኑ ይህን ወረቀት የሚጽፈው፣ የሚያስቀምጠውና በክፉ ቀን የሚገልጠው ማን ነው? ጥያቄው በቀጥታ የሚመለከተው የነዋሪዎችን ማኅበርና ዕድርን ነውና በጥሞና ሊታይ ይገባዋል።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የለቡ መብራት ኃይልን ሠፈር መመልከት ይበቃል። በዚህ ሠፈር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፣ ጡረተኛው፣ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከነርሱም ጋር ከኤርትራ የመጡ ስደተኞች ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ እንደ ጎፋ መብራት ኃይል ሁሉ በየሱቁና በየካፌው ትግርኛ ይሰማል። ከሠፈሩ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻ የሆነው የፉሪ ለቡ ጣቢያ አለ። ከዚህ የሚነሣው ሐዲድ የሚያደርሰው ጅቡቲ ነው።

ስደተኛው ተከራይና ወደ ጅቡቲ የሚያመራው ሐዲድ የማይገናኙ ነገሮች ይመስላሉ። ሆኖም አንድ ታሪክ ያገናኛቸዋል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው በአሰብ ወደብ ነበር። በዚያ ዓመት የፈነዳው ጦርነት የጭነቱን መንገድ ወደ ጅቡቲ አዞረው፤ የሰውንም ሕይወት እንዲሁ ከመንገዱ አወጣው። ጭነት አዲስ ወደብ ይፈለግለታል፤ ለተበተነ ቤተሰብ ግን ምትክ አይገኝለትም።

የነገሩን ሥር ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ኤርትራ ከ1882 ዓ.ም. አንሥቶ የኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሆና ቆየች። በመስከረም 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ተቀላቀለች፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ከዚያ በፊት፣ በ1953 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ የተጀመረው የትጥቅ ትግል ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቶ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ፖለቲካው ከላይ ሲቋጠርና ሲፈታ፣ ከሥር ግን የሰው ልጅ የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። የአሥመራ ተወላጅ አዲስ አበባ መጥቶ መምህር፣ መካኒክ ወይም ነጋዴ ሆነ፤ ከመሐል አገር የሄደው ወዛደር በአሰብ ወደብ ጭነት አወረደ። በሥራ የተገናኙ ተጋቡ፤ ወለዱ፤ ዕድር ገቡ፤ አንዱ የሌላውን ሬሳ ተሸከመ። ይህ ዝምድና በማንም አዋጅ አልተፈጠረም፤ በላብና በጉርብትና የተገነባ ነው።

ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ዝምድናው በወረቀት ይለካ ጀመር። በአሥመራ የተቋቋመው ጊዜያዊ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 21 መሠረት፣ ከኤርትራዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ሁሉ ኤርትራዊ ሆነ። ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ለመሳተፍ ደግሞ አስቀድሞ መመዝገብና መታወቂያ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። በኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተመዝግበው ድምፃቸውን ሰጡ። ያኔ አዲስ አበባ የነበረው የሽግግር መንግሥት ሕዝበ ውሳኔውን ደግፎ ነበርና ምዝገባው በግልጽ፣ ያለ ፍርሃት ተከናወነ። ብዙዎቹ ተመዝጋቢዎች ድምፅ ከሰጡ በኋላም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ተጓዙ፤ በመሥሪያ ቤታቸው ቀጠሉ፤ ግብር ከፈሉ። የፈረሙበት መዝገብ አንድ ቀን የክስ ወረቀት ይሆናል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነበር።

ነገር ግን ሆነ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ምክንያት ጦርነቱ ሲጀመር የምዝገባው ዝርዝር ከመደርደሪያ ወረደ። ከሰኔ 1990 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዎች ከየቤታቸው እየተያዙ በአውቶቡስ ወደ ድንበር ይጓጓዙ ጀመር። እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ድረስ ከኢትዮጵያ ወደ ኤርትራ የተላኩት ቁጥር ወደ 75 ሺህ ይገመታል። በነሐሴ 1991 ዓ.ም. ደግሞ በሕዝበ ውሳኔው የተመዘገቡና በአገር ውስጥ የቀሩ ሁሉ እንደ ውጭ አገር ሰው እንዲመዘገቡና በየስድስት ወሩ የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲያወጡ ታዘዘ። ትናንት የአገሬው ሰው የነበረ፣ ከዚያው ቤት፣ ከዚያው በር ሳይንቀሳቀስ የውጭ ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ድንበር ላይ የተተኮሰው ጥይት ወታደሩን መታ፤ ዝርዝሩ ግን የመታው ማዕድን ነው። ባል ተወስዶ ሚስት ኢትዮጵያዊት ናት ተብላ ቀረች፤ እናት ተወስዳ ልጆች ከአያት ጋር ቀሩ። ቤትና ንብረት በጥድፊያ ለወኪል ተሰጠ፤ ብዙው በዋጋው ሳይሸጥ ቀረ፤ አንዳንዱም ባክኖ ጠፋ። ከሁሉ የከፋው ግን ጎረቤት ጎረቤትን ማየት መፍራቱ ነበር። በአንድ ግቢ ቡና ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች፣ «ማን ጠቆመን?» የሚል ጥያቄ በልባቸው ገባ። ይህ ጥርጣሬ ከጦርነቱ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ጉዳዩ የአንድ ወገን ጥፋት ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ የሌላውንም ማየት ግድ ይላል። በአሰብና በአሥመራ ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወዛደሮች ወደቡ ሥራ ሲያቆምና ጥላቻው ሲበረታ ኑሯቸው ተናጋ። ጦርነቱ በ1992 ዓ.ም. ሲፋፋምም ብዙዎቹ ታሰሩ፤ ተባረሩም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ሁለቱንም መንግሥታት በየድርሻቸው ጥፋተኛ አድርጓል።

ኮሚሽኑ ኢትዮጵያን በሚመለከት የሰጠው ፍርድ በተለይ ለነዋሪዎች ማኅበራት ትምህርት አለው። ውሳኔው እርምጃውን በጅምላ ሕገ ወጥ አላለውም፤ በጦርነት ጊዜ አንድ መንግሥት ለጸጥታው አስጊ ናቸው ብሎ በሥርዓት መርምሮ የለያቸውን የጠላት አገር ዜጎች ማስወጣት እንደሚችል ተቀብሏል። ነገር ግን የአካባቢ ባለሥልጣናት በውል ባልታወቀ ምክንያት በግድ ያባረሯቸው ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሰዎች እንደነበሩ አረጋግጦ ይህን ሕገ ወጥ ብሎታል። በሌላ አነጋገር፣ ግፉ የከበደው ከላይ የወጣው ትእዛዝ በታች ባለው ሰው እጅ ሲደርስ ነው። ቂም የነበረው ቂሙን ተወጣበት፤ ቤት የተመኘ ቤቱን ተመኘበት፤ የፈራም ራሱን ለማዳን ሌላውን አሳልፎ ሰጠበት።

ይህ ለቀበሌ አዲስ ታሪክ አይደለም። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የተወለደው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነ ቤት በማኅበሩ እጅ ገባ፤ ማኅበሩ ኪራይ ሰበሰበ፤ በጎረቤታሞች መካከል ዳኝነት አየ፤ ሠፈሩን አለማ። የነዋሪው መዝገብ ለዚህ ሁሉ አገልግሎት መሠረት ነበር። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ግን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን፣ ያው ቀበሌ እስር ቤት ሆነ፤ ያው መዝገብ ወጣት የሚፈለግበት ሆነ። መዝገብ በራሱ ክፉ ወይም ደግ አይደለም። ለስኳር ራሽንና ለመታወቂያ የተከፈተው ገጽ ለአፈሳም ይከፈታል። ልዩነቱ ያለው በሚገልጠው እጅና በሚጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው።

በቅርቡ ዘመንም ይኸው ተደግሟል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በአዲስ አበባ አከራዮች የተከራዮቻቸውን ማንነት ለፖሊስ እንዲያስመዘግቡ ተጠየቁ። በዚያ ሰሞን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ መስሎ መታየቱ እንዳሳሰበው በይፋ ገልጿል። አዋጁ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ተነሣ፤ ጦርነቱም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቆመ። ነገር ግን በስሙና በአነጋገሩ ብቻ የተጠየቀ ሰው ያንን ቀን አይረሳውም፤ በሩን አንኳኩቶ «እዚህ ነው» ያለውን ጎረቤቱንም አይረሳውም።

ለመሆኑ ዛሬ በለቡ መብራት ኃይል የሚኖረው ኤርትራዊ ስደተኛ ከምን ሸሽቶ መጣ? የኤርትራ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 82 ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ከ1990ው ጦርነት በኋላ ግን አገልግሎቱ ማብቂያ ያጣ ሆነ። ወጣቱ ትዳር ለመመሥረትና ወላጅ ለመጦር የሚሠራበት ዕድሜ በሠፈር አለቀ። ስለዚህም ድንበር ተሻገረ። የኢትዮጵያ መንግሥት በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ኤርትራውያን ስደተኞች ከመጠለያ ጣቢያ ውጭ በከተማ እንዲኖሩ የሚፈቅድ መመሪያ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የሚገኙት የሕፃፅና የሽመልባ ጣቢያዎች በጦርነቱ ሲወድሙ ደግሞ ብዙዎች ነፍሳቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። እንግዲህ ድንበሩ፣ ጦርነቱና አገልግሎቱ ያፈለሱት ይህ ሰው፣ በ1990ው ጦርነት ጊዜ ከዚሁ ከተማ የተባረረ ሰው ልጅ ወይም የወንድም ልጅ ሊሆን ይችላል።

የተለያየ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚናፈቅ በ2010 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ አይቷል። ሐምሌ 2 ቀን የሰላም መግለጫው በአሥመራ ተፈረመ፤ ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገደኞችን ይዞ አሥመራ አረፈ። በአውሮፕላን ማረፊያው አባት ልጁን አቀፈ፤ ከሕፃንነት በኋላ የተያዩ እኅትማማቾች ተላቀሱ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ በኩል መንገዱ ተከፈተ። ይሁን እንጂ ዓመቱ ሳያልቅ የየብሱ መተላለፊያዎች ተመልሰው ተዘጉ፤ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዱ የአሥመራ በረራውን አቋረጠ። መንግሥታት ሲታረቁ ቤተሰብ ይገናኛል፤ መንግሥታት ሲኮራረፉ ቤተሰብ ይለያያል። ለዕርቁም ለኩርፊያውም ግን የቤተሰብ ፈቃድ አልተጠየቀም።

የባሕር በር ጥያቄ በ2016 ዓ.ም. በይፋ መነጋገሪያ ከሆነ ወዲህ በሁለቱ አገሮች መካከል የሚሰማው ንግግር ሻክሯል። አገር ስለ ባሕር በር መጠየቋና መከራከሯ ሕጋዊ ጉዳይ ነው፤ የሚመለከተውም በድርድር ጠረጴዛ ነው። አደጋው የሚመጣው ክርክሩ ከጠረጴዛው ወርዶ ወደ ግቢ በር ሲደርስና፣ ቤት የተከራየው ሰው ስለ ወደብ ተጠያቂ ሲደረግ ነው።

ሌላም ድብቅ ጉዳይ አለ። በሠፈሩ ስለ ስደተኛ ተከራይ የሚሰማው ሮሮ በአመዛኙ ስለ ቤት ኪራይ ነው። «ከውጭ ዘመድ ዶላር ይላክላቸዋል፤ ኪራይ ያስወደዱብን እነርሱ ናቸው» ይባላል። በእርግጥ ከአውሮፓና ከአሜሪካ በሚላክ ገንዘብ የሚኖሩ አሉ፤ አንድ ክፍል ለብዙ ተጋርተው የሚያድሩም አሉ። ነገር ግን ኪራይ የሚወስነው አከራዩ እንጂ ተከራዩ አይደለም። ኪራይ የሚንረው የቤቱ ቁጥር ለነዋሪው ስለማይበቃ ነው። ስደተኛው በአገር ልጅ ላይ ማስወደጃ ምክንያት ይደረጋል፤ አቤት የሚልበት ስለሌለውም እርሱ ራሱ አስቀድሞ ይጨመርበታል። እንግዲህ ቅራኔው የተከራይና የቤት እጥረት እንጂ የአገር ልጅና የመጤ አይደለም። ደመወዙ ኪራይ የማይችልለት ሠራተኛና ኪራዩ በየወሩ የሚጨመርበት ስደተኛ በአንድ ችግር ሥር ያሉ ሰዎች ናቸው። ይህን ቅራኔ ወደ ማንነት ጠብ መለወጥ የሚጠቅመው ከሁለቱ አንዱንም አይደለም።

ከዚህ ስሕተት የሚመጣውን ጉዳት ለማየት ኮትዲቯርን መመልከት ይበቃል። የካካዋው ልማት ከቡርኪና ፋሶና ከማሊ በመጡ ሠራተኞች ጉልበት ተገነባ። የካካዋ ዋጋ ወድቆ ኑሮ ሲከብድ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፖለቲከኞች «እውነተኛው አይቮሪያዊ ማነው?» የሚል ጥያቄ አነሡ፤ ወላጆቹ ሁለቱም የአገሪቱ ተወላጆች ያልሆኑ ሰው ለፕሬዝዳንትነት እንዳይወዳደርም ሕግ ወጣ። ሠራተኛው በመታወቂያው ይመረመር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2002 አገሪቱ በርስ በርስ ጦርነት ለሁለት ተከፈለች። 

«የጸጥታ ጉዳይስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንግሥት በክልሉ ማን እንደሚኖር ማወቅ አለበት፤ ነዋሪውም ወንጀል ሲያይ ማመልከት ግዴታው ነው። ነገር ግን ወንጀል የሚጠየቅበት በሥራ ነው፤ በትውልድ አይደለም። ሰውን በሠራው የሚጠይቅ ማኅበር ጥፋተኛውን ያገኘዋል፤ በትውልዱ የሚጠይቅ ግን ጥፋተኛውን ከሺህ ንጹሐን ጋር ቀላቅሎ ያጣዋል። የ1990ው ልምድ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበር፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበርና ዕድር ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ሦስት ነጥቦች አሉ።

የመጀመሪያው መዝገብን ለተከፈተበት ዓላማ ብቻ ማዋል ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በሚመራው የፋይዳ ምዝገባ ከሚሰበሰበው መረጃ ውስጥ ብሔር የለም። ለረጅም ዘመን በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ሲሞላ ለኖረ ነዋሪ ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። የዕድርና የግቢ መዝገቦችም ይህንኑ መከተል ይገባቸዋል። ለመዋጮና ለቀብር የማያስፈልግ ጥያቄ በመዝገቡ ላይ ባይኖር፣ በክፉ ቀን የሚገለጥ ገጽም አይኖርም።

ሁለተኛው ሕግን ማወቅ ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛው መብትና ግዴታ ሰጥቶታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ የኪራይ ጭማሪንም ይገድባል። ይህ ምዝገባ ተከራይን የሚጠብቅ ነው፤ ወደ መጠቆሚያ እንዳይለወጥ ማኅበሩ ሊነቃ ይገባል። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱ እንደማይገፈፍ፣ በአንቀጽ 34 ደግሞ ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት ሆኖ ጥበቃ እንደሚገባው ደንግጓል። እነዚህ አንቀጾች በ1990 ዓ.ም. በሥራ ላይ ነበሩ፤ የጎደለው አንቀጽ ሳይሆን አንቀጹን ጠቅሶ «አይሆንም» የሚል የሠፈር ሰው ነበር።

ሦስተኛው የተጣሰውን ዝምድና መጠገን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 እና ተከታዩ መመሪያ፣ ከኤርትራ ነፃነት በፊት ጀምረው በኢትዮጵያ ለኖሩ ሰዎች ዜግነታቸው የሚመለስበትን መንገድ ከፍተዋል። በወረቀት የተወሰደ በወረቀት ሊመለስ ይችላል። ዕድር የተነፈገ፣ በልቅሶ ቤት ብቻውን የተቀመጠ፣ በልጁ ሠርግ ጎረቤት የራቀው ሰው ግን ያጣውን የሚመልስለት ቢሮ የለም። ያንን የሚመልሰው ጎረቤቱ ነው።

በመሠረቱ የኅብረተሰብ ጥንካሬ የሚለካው በደኅና ቀን ስንት አባል እንዳስመዘገበ አይደለም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ከመዝገቡ ማንን አሳልፎ እንዳልሰጠ ነው። ድንበር የሚሰምሩት ሌሎች ናቸው፤ ወደብና በረራ የሚወሰኑት በሌላ ቦታ ነው። የግቢው በር ግን በነዋሪው እጅ ነው። አንድ ቀን ባለ ዝርዝር እንግዳ መጥቶ «ከናንተ ውስጥ የእነርሱ ወገን ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የለቡ መብራት ኃይል ነዋሪ፣ እንደ ማንኛውም የአገራችን ሠፈር ነዋሪ ሁሉ፣ «የሠራውን ንገረን፤ የተወለደበትን አትጠይቀን» ብሎ በአንድነት ሊመልስ ይገባዋል። ይህ መልስ አስቀድሞ በስብሰባ ተነጋግሮ ካልተዘጋጀ፣ በዚያች ሌሊት በድንገት ከአፍ አይወጣም።